የምታረጅ ላም፦ የዘይት ሮያሊቲ አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት የአስር ወሩን መስመር ይመልከቱ

«ባንክ አራት በመቶ ይሰጠኛል፤ ይሄ ግን አስራ ስምንት በመቶ ይሰጠኛል። ታዲያ ገንዘቡን ባንክ የሚያስቀምጥ ሰው ሞኝ አይደለም?»

ይህን የጠየቁኝ ከሃያ ዓመት በላይ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የነዱ አንድ ወዳጄ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡናው ሁለተኛ ደርሷል። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ የዘይት ሮያሊቲ አክሲዮን አሳዩኝ። ዋጋው 25 ዶላር፣ ያለፈው ዓመት ክፍያ ደግሞ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በእርግጥም ሲካፈል 18 በመቶ ይመጣል። በዚያው ሳምንት እቁብ ደርሷቸው ነበር። ልጃቸው በመጪው ዓመት ኮሌጅ ትገባለች። ዕቅዳቸው የእቁቡን ገንዘብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ከትተው፣ በየወሩ በሚመጣው ክፍያ ልጃቸውን ማስተማር ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ሳምንት ይታገሱኝ» አልኳቸው። የለመንኳቸው ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ያለውን ቁጥር አይቼ፣ እንዲህ ያለውን አክሲዮን ገዝቼ፣ ከገንዘቤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲቀልጥ ቆሜ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። በዚያ ሳምንት ለእርሳቸው ያዘጋጀሁትን ነው ዛሬ ለአንባቢያን የማቀርበው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሲሶ የሚበላው ማነው?

ሮያሊቲ የሚለው ቃል ፈረንጅኛ ይሁን እንጂ ነገሩን የኛ ሰው ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ሥርዓት የሚያስታውስ፣ ወይም ከአባቱ የሰማ ሁሉ፣ ሲሶና እርቦ ምን እንደነበረ አይጠፋውም። ጭሰኛው በሬውን ያቀርባል፣ ዘሩን ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ባለመሬቱ ደግሞ ምርቱ ሲገባ መጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። በሬ ቢሞት የባለመሬቱ ጉዳይ አይደለም።

የአሜሪካን አገር የዘይት ሮያሊቲም አሠራሩ ይኸው ነው። በዚህ አገር ሕግ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የግለሰብ ንብረት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን አንድ ገበሬ ከበቆሎው ሥር ያለውን ዘይት ሊሸጥ፣ ሊያወርስ ወይም ሊያከራይ ይችላል። የዘይት ኩባንያ መጥቶ ሲቆፍር ለባለ ማዕድኑ ከምርቱ ድርሻ ይከፍላል። ድሮ የተለመደው ድርሻ ከስምንት አንድ እጅ ነበር፤ ዛሬ በተፈለጉ ቦታዎች እስከ አራት አንድ እጅ ይደርሳል። ጉድጓድ የመቆፈሩ ወጪ የኩባንያው ነው።

እንዲህ ያሉትን ድርሻዎች በአንድ ላይ ሰብስቦ፣ በአደራ ጠባቂ ባንክ ሥር አድርጎ፣ በአክሲዮን ገበያ በዩኒት እየከፋፈሉ መሸጥ ሲጀመር «ሮያሊቲ ትረስት» ተባለ። ትረስቱ ሠራተኛ የለውም፣ መኪና የለውም፣ ፋብሪካ የለውም። የሚገባለትን ገንዘብ ተቀብሎ ጥቂት ወጪውን ይቀንስና የቀረውን ለባለዩኒቶች ያድላል። ክፍያው ወፍራም የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ሮያሊቲ ትረስት እንደ ሌላው ኩባንያ ትርፉን መልሶ አዲስ ንብረት አይገዛም፤ የተቋቋመበት ውል አይፈቅድለትም። በተሰጠው መሬት ላይ ያለው ዘይት ባለቀ ጊዜ እርሱም ያልቃል። ስለዚህ ትረስቱ ጥጃ የማትወልድ ላም ነው። ወተቷን ይጠጧታል፤ እየታለበች ግን ታረጃለች። በየወሩ ከሚመጣው ክፍያ ውስጥ የተወሰነው ትርፍ ሳይሆን የራስዎ ገንዘብ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ሁለት ትረስት፣ ሁለት ዕጣ

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ሳቢን ሮያሊቲ ትረስት በ1982 መጨረሻ ተቋቋመ። ማዕድኑ የሚገኘው በቴክሳስ፣ በኦክላሆማ፣ በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒ፣ በኒው ሜክሲኮና በፍሎሪዳ ነው። ሲቋቋም ባለሙያዎች ንብረቱ ከ9 እስከ 10 ዓመት እንደሚቆይ ገምተው ነበር። ይኸው አርባ ዓመት አልፎት በየወሩ ሲከፍል ኖሯል። ምክንያቱ አዲስ መሬት ስለገዛ አይደለም። ድሮ ዋጋ የለውም የተባለው ድንጋይ በአዲስ የቁፋሮ ዘዴ ዘይት ሲሰጥ፣ ባለ ማዕድኑ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ድርሻው ስለመጣለት ነው።

ሁለተኛው ቢፒ ፕሩዶ ቤይ ሮያሊቲ ትረስት ነው፤ የተቋቋመው በ1989 ነው። በአላስካ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው የፕሩዶ ቤይ መስክ ከአሜሪካ ታላላቅ የዘይት መስኮች አንዱ ነው። የትረስቱ ድርሻ ኩባንያው ከዚያ ከሚያወጣው በቀን የመጀመሪያው 90,000 በርሜል 16.4246 በመቶ ነበር። ዩኒቶቹ 21.4 ሚሊዮን ናቸው። በ2011ና በ2012 የአንዱ ዩኒት ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ጡረተኛው ሁሉ «አላስካ እስካለች ድረስ ይከፍላል» ብሎ ያዘው።

ሆኖም ውሉ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነበር። ለአንድ በርሜል የሚከፈለው ሮያሊቲ የሚሰላው ከድፍድፉ ዋጋ ላይ በውሉ የተቆረጠ ወጪና ግብር ተቀንሶ ነው። ያ ወጪ ደግሞ በየዓመቱ በሠንጠረዥ ይጨምራል፤ በዚያም ላይ በኑሮ ውድነት ልክ ይባዛል። ስለዚህ ትረስቱ ገቢ ለማግኘት የሚያስፈልገው የዘይት ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ሄደ። ውሉ ደግሞ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ገቢው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ከሆነ ትረስቱ ይፈርሳል ይላል። በ2023ና በ2024 የሆነው ይኸው ነው። ዘይት በበርሜል 70ና 80 ዶላር እየተሸጠ እንኳ ገቢው ከዚያ ወለል በታች ወረደ። ትረስቱም በዲሴምበር 31፣ 2024 አበቃ። መቶ ዶላር ያወጣ የነበረው ዩኒት በመጨረሻዎቹ ወራት ከአንድ ዶላር በታች ወረደ።

አንዱ አሥር ዓመት ይኖራል ተብሎ አርባ ኖረ፤ ሌላው ዘላለም ይከፍላል ተብሎ ፈረሰ። የሁለቱም ስም «ሮያሊቲ» ነው፤ ውላቸው ግን ለየቅል ነው።

አስራ ስምንቱ በመቶ ከየት መጣ?

ወደ ወዳጄ ስልክ እንመለስ። በስልኩ ላይ የሚታየው በመቶኛ የሚሰላው ያለፈውን የአሥራ ሁለት ወር ክፍያ ለዛሬው ዋጋ በማካፈል ነው። ችግሩ ሁለቱ እኩል አለመጓዛቸው ነው። የዘይት ዋጋ ዛሬ ቢወድቅ የአክሲዮኑ ዋጋ ዛሬውኑ ይወድቃል። ክፍያው ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የተመረተው ዘይት ሒሳብ ስለሆነ ለጊዜው ወፍራም ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ በመቶኛው ትልቅ መስሎ የሚታየው ልክ ላሟ በታመመችበት ሰሞን ነው።

ያ አክሲዮን ዋጋው 45 ዶላር በነበረበት ጊዜ 4 ዶላር ከ50 ቢከፍል 10 በመቶ ነው። ዋጋው ወደ 25 ሲወድቅ፣ አንድም ሳንቲም ሳይጨምር፣ 18 በመቶ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍያው ወደ 1 ዶላር ከ20 ቢወርድ ግን በ25 ዶላር የገዛው ሰው የሚያገኘው 4.8 በመቶ ነው። ከባንክ ጋር እኩል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የባንኩ ዋና ገንዘብ አይቀልጥም።

ታዲያ ተራው ሰው ላሟ መታመሟን በምን ያውቃል? የጂኦሎጂ ባለሙያ አይደለንም፤ ቀኑን ሙሉ ገበያ የሚያይ ጊዜም የለንም። ለዚህ ነው የረጅም ጊዜ ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ቀላል መሣሪያ የሚጠቅመው።

በእርሳስና በደብተር የሚሠራ ሒሳብ

በገበያ ሰዎች ዘንድ የታወቀው የ200 ቀን አማካይ ነው። ገበያው የሚከፈትባቸው 200 ቀኖች 40 ሳምንት ያህል ናቸው፤ ወደ አሥር ወር ይጠጋል። ስለዚህ በየቀኑ ማስላት የማይመቸው ሰው የአሥር ወር አማካይ ቢጠቀም ውጤቱ ይቀራረባል። በየወሩ መጨረሻ የነበረውን ዋጋ ይጽፋሉ፤ አሥሩን ደምረው ለአሥር ያካፍላሉ። አለቀ።

የወዳጄን አክሲዮን እንውሰድ፤ ለሒሳብ እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። የአሥሩ ወር መጨረሻ ዋጋ እንዲህ ነበር፦ 45፣ 44፣ 42፣ 41፣ 38፣ 36፣ 33፣ 30፣ 27፣ 25። ድምሩ 361 ነው፤ ለአሥር ሲካፈል 36 ዶላር ከ10 ሳንቲም። የዛሬው ዋጋ 25 ነው፤ ከአማካዩ 11 ዶላር በታች ማለት ነው። በሚቀጥለው ወር ዋጋው 24 ቢሆን፣ የመጀመሪያውን 45 ሰርዘን 24 እንደምራለን። ድምሩ 340፣ አማካዩ 34 ይሆናል። አሮጌው እየወጣ አዲሱ እየገባ መስመሩ ይንቀሳቀሳል። «ተንቀሳቃሽ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው ዋጋው ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው። ሁለተኛው መስመሩ ራሱ ሽቅብ ይሄዳል ወይስ ቁልቁል የሚለው ነው። ዋጋው ከመስመሩ በታች ሆኖ መስመሩም ቁልቁል የሚሄድ ከሆነ፣ ባለፉት አሥር ወራት የገዛው ሰው በአማካይ ከስሯል ማለት ነው። ገበያው የሚያውቀው፣ እኛ ግን ገና ያልሰማነው ነገር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ረከሰ» ብሎ መግዛት የሚወድቅ ቢላዋ በእጅ ለመቅለብ እንደመሞከር ነው።

ይህ ዘዴ አስማት አይደለም። ሜብ ፋበር የተባለው የገንዘብ ባለሙያ በ2007 ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ የአሥር ወር አማካይን በአክሲዮን፣ በቦንድ፣ በሸቀጥና በሪል ስቴት ላይ ሞክሮታል። የደረሰበት ፍሬ ነገር ዘዴው ሰውን ሀብታም የሚያደርገው በብዙ በማትረፍ ሳይሆን ከትልልቅ ውድቀቶች በማዳን መሆኑ ነው። ለእኛም ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው።

በ2014 ምን ይል ነበር?

ለሮያሊቲ አክሲዮን ከራሱ ዋጋ ይልቅ ቀድሞ የሚናገረው አንዳንድ ጊዜ የዘይቱ ዋጋ ነው። በጁን 2014 የአሜሪካው ድፍድፍ ዘይት በበርሜል ከ105 ዶላር በላይ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ወደ 96 ዶላር ወረደ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ጥቂት ቀዝቅዟል» ከማለት በቀር የተጨነቀ አልነበረም። የአሥር ወር አማካዩ ግን ወደ 99 ዶላር ከግማሽ ነበር። ዋጋው ከመስመሩ በታች ገብቷል ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘይቱ 53 ዶላር ገደማ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ ወደ 26 ዶላር ወረደ።

በኦገስት 2014 መጨረሻ መስመሩን አይቶ የዘይት ሮያሊቲውን የሸጠ ሰው ከጫፉ ላይ አልሸጠም፤ ከጫፉ ጥቂት አጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከመጣው ጎርፍ ድኗል። በወፍራሙ ክፍያ ተማምኖ የቆየው ግን መጀመሪያ ዋጋው፣ ቀጥሎ ክፍያው ሲወርድ አየ።

በ2020ም እንዲሁ ነበር። በጃንዋሪ መጨረሻ ድፍድፉ 51 ዶላር ተኩል ገደማ ሲሆን የአሥር ወር አማካዩ ከ56 ዶላር በላይ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን ገና በሙሉ ኃይሉ አልመታውም፤ የሳውዲና የሩሲያ የዋጋ ጦርነትም ገና አልተጀመረም። ኤፕሪል 20 ቀን የሆነውን ግን ዓለም አይረሳውም። በወቅቱ የነበረው የድፍድፍ ውል ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ተዘጋ።

መስመሩም ይሳሳታል

እንግዲህ እዚህ ላይ ብናቆም ውሸት እንሆናለን። ያው መስመር በዚያው ዓመት ተጠቃሚውን እንዴት እንዳንገላታው እንይ። በኦገስት 2020 መጨረሻ ዘይቱ ወደ 42 ዶላር ከግማሽ ወጥቶ ከአማካዩ በላይ ሆነ፤ «ግዛ» አለ። በኦክቶበር መጨረሻ ወደ 36 ዶላር ወርዶ ከአማካዩ በታች ገባ፤ «ሽጥ» አለ። በኖቬምበር መጨረሻ ወደ 45 ዶላር ተመለሰ፤ እንደገና «ግዛ» አለ። በ42 ገዝቶ፣ በ36 ሸጦ፣ በ45 መልሶ የገዛ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገረፈ። ከዚያ በኋላ ያላወላወለ ግን ተካሰ፤ በማርች 2022 ዘይቱ ከ120 ዶላር በላይ ወጣ።

ስለዚህ መስመሩን የሚከተል ሰው ብዙ ትንንሽ ግርፋቶችን ተቀብሎ ከጥቂት ትልልቅ አደጋዎች ለመዳን የተስማማ ሰው ነው። ግርፋቱ ሲበዛበት በመሐል የሚተወው ሰው ሁለቱንም ያጣል፤ ግርፋቱንም ይቀበላል፣ መዳኑም ያልፈዋል።

ለሮያሊቲ አክሲዮን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ክፍያው በተቆረጠበት ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። አንድ ትረስት በወር 25 ሳንቲም ይከፍላል እንበል። በአሥር ወር 2 ዶላር ከ50 ከፍሏል። ዋጋው በዚህ ጊዜ ከ25 ወደ 24 ቢወርድ መስመሩ «እየወረደ ነው» ይላል። ባለቤቱ ግን 24 ዶላር አክሲዮንና 2 ዶላር ከ50 ጥሬ ገንዘብ ይዟል፤ ስድስት በመቶ አትርፏል። ስለዚህ የሮያሊቲ አክሲዮን አማካይ ሲሠራ ክፍያው የተደመረበትን፣ «የተስተካከለ ዋጋ» የሚባለውን መጠቀም ይገባል። አብዛኞቹ የገበያ ድረ ገጾች ሁለቱንም ያሳያሉ።

በወዳጄ አክሲዮን ላይ ይህን ብናደርግ ፍርዱ ይለወጣል? አይለወጥም። ከ45 ወደ 25 ሲወርድ የጠፋው 20 ዶላር ነው። በዚያ ጊዜ የተከፈለው 3 ዶላር ከ75 ገደማ ነው። ተደምሮም ኪሳራው 16 ዶላር ከ25፣ ማለትም 36 በመቶ ነው። አሥራ ስምንት በመቶ የተባለው ነገር ከጀርባው ይህን ይዞ ነበር።

መስመሩ የማያየው

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን አማካይ ውል ማንበብ የማይችል መሆኑ ነው። የፕሩዶ ቤይ ዩኒት በ2021ና በ2022 ዘይት ሲወደድ ከጥቂት ዶላሮች ተነሥቶ በብዙ እጥፍ ወጥቶ ነበር። መስመሩ ሽቅብ ይሄድ ነበር። በውሉ ውስጥ ያለው ወጪ ግን በዚያን ጊዜም በየዓመቱ ይጨምር ነበር። መስመሩ ለጉዞው እውነቱን ተናግሯል፤ የጉዞውን መጨረሻ ግን የሚናገረው ውሉ ብቻ ነበር።

ሌላው ምሳሌ ሳን ሁዋን ቤዚን ሮያሊቲ ትረስት ነው። ይህ ትረስትና ፐርሚያን ቤዚን ሮያሊቲ ትረስት የተባለው በ1980 ከአንድ ኩባንያ የወጡ መንታዎች ናቸው፤ የዩኒታቸው ብዛት እንኳ አንድ ነው፣ እያንዳንዳቸው 46,608,796። የሳን ሁዋኑ ድርሻ ከተጣራ ትርፍ 75 በመቶ ነው። «ከተጣራ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ይህ ንጹሕ ሲሶ አይደለም፤ የበሬውና የዘሩ ወጪ መጀመሪያ ይቀነሳል። በ2024 ኩባንያው አዳዲስ ጉድጓዶች ሲቆፍር፣ የጋዝ ዋጋም ረክሶ ሳለ፣ ወጪው ከገቢው በለጠና ለባለዩኒቶች የሚደርሰው ክፍያ ተቋረጠ። ሳቢንን የመሰለው ግን ድርሻው ከምርቱ በመሆኑ የቁፋሮ ወጪ አይነካውም።

ከትረስት ሌላ መልክ ያላቸውም አሉ። ቴክሳስ ፓሲፊክ ላንድ በ1888 ከከሰረ የባቡር ኩባንያ መሬት የተፈጠረ ነው፤ በምዕራብ ቴክሳስ ከ800,000 ኤከር በላይ መሬት አለው። በ2021 ከትረስትነት ወደ ኩባንያነት ተለወጠ፤ በኖቬምበር 2024 ደግሞ ከአምስት መቶዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር፣ ከኤስ ኤንድ ፒ 500፣ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለው መሬትም ውሃም ያለው፣ አዲስ ንብረትም ሊገዛ የሚችል ድርጅት ስለሆነ እንደ ምታረጅ ላም አይታይም። ሁሉንም «ሮያሊቲ» ብሎ በአንድ ቅርጫት መጨመር ስሕተት ነው።

በአንድ ገጽ

አሥር ደቂቃ ብቻ ላላቸው አንባቢያን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ የዓመቱን ሪፖርት ያንብቡ። ድርሻው ከምርት ነው ወይስ ከተጣራ ትርፍ? ትረስቱ የሚፈርሰው በምን ሁኔታ ነው? የቀረውን ክምችት በዓመቱ ምርት ቢያካፍሉ ስንት ዓመት ይወጣዋል? ግምቱ እንደ ሳቢን ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን መነሻው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ የክፍያውንም አማካይ ያውጡ። ያለፈውን የአሥራ ሁለት ወር ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመቱን ይደምሩና ለአምስት ያካፍሉ። የአንድ ዓመቱ ከአምስት ዓመቱ አማካይ እጅግ ከበለጠ፣ የሚያዩት በመቶኛ የዝናም ወቅት ጎርፍ እንጂ የዘወትር ወንዝ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሚያወጣው ዘይት ከሆነ የዘይቱን፣ ጋዝ ከሆነ የጋዙን የአሥር ወር አማካይ ይመልከቱ።

አራተኛ፣ ክፍያው የተደመረበትን የራሱን የአክሲዮኑን የአሥር ወር አማካይ ይሥሩ። በወር አንድ ጊዜ፣ በወሩ መጨረሻ ቀን ብቻ። በየቀኑ የሚያየው ሰው በየቀኑ ይፈራል።

አምስተኛ፣ አራቱም ቢስማሙ እንኳ በቅርቡ የሚያስፈልግዎትን ገንዘብ አያስገቡ። የትምህርት ቤት፣ የኪራይ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ የላም መግዣ አይደለም።

ግብሩንም አይርሱ። በአሜሪካን አገር የሮያሊቲ ትረስት ባለዩኒት የዘይቱ ድርሻ ባለቤት ሆኖ ስለሚቆጠር፣ የሚያልቀውን ንብረት ዋጋ በየዓመቱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ማስቀነስ ይችላል። ትረስቶቹ ለዚህ የሚሆን የግብር መግለጫ ያወጣሉ። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ሙሉውን እንከፍላለን። የግብር ሒሳብ የሚሠራልዎትን ሰው በግልጽ ይጠይቁት። በአውሮፓና በዐረብ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ግብር አስቀድሞ ሊቆረጥባቸው ስለሚችል፣ 10 በመቶ ተብሎ የተነገራቸው 7 ሆኖ ሊደርሳቸው ይችላል።

ሳምንቱ ሲያልቅ

በተቀጣጠርንበት ቅዳሜ አሥሩን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ወዳጄ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን በራሳቸው እጅ ደመሩ፤ ለአሥር አካፈሉ። 36 ከ10 ሲመጣ ዝም አሉ። እንደገና ደመሩት። ያው መጣ።

«እና በ25 የሚሸጥልኝ ሰው ማነው?» አሉኝ።

«በ45 የገዛ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ ቡናቸውን ሲያማስሉ ቆዩ። «እኔ እኮ ሸያጩ ሞኝ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

የልጃቸውን የኮሌጅ ገንዘብ ባንክ ውስጥ በጊዜ ገደብ አስቀመጡት፤ አራት በመቶው አላሳፈራቸውም። ከእቁቡ ትንሽ ቀንሰው ግን አንድ ደብተር ገዙና በየወሩ መጨረሻ የሦስት ሮያሊቲ ትረስቶችን ዋጋ መጻፍ ጀመሩ። እስካሁን አንድም አልገዙም። ባለፈው ስንገናኝ የአንደኛው ዋጋ ከመስመሩ በላይ ወጥቶ መስመሩም ሽቅብ መታጠፍ መጀመሩን ነገሩኝ። «ታዲያ ሊገዙ ነው?» ብላቸው፣ «ቆይ እንጂ አንተ ደግሞ! መጀመሪያ ውሉን ላንብብ» አሉኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው፤ እርሳቸው በእርሳስ ተማሩት።